የማይታየው አስለቃሽ

ሰው ከሌላ ሰው አፍ የሰማውን ነገር ይጠራጠራል፤ ሁለተኛ ሰው ይጠይቃል፤ ምስክር ይፈልጋል። በዐይኑ ያየውን ግን ሳያመነታ ይቀበላል። ዕንባ ያፈሰሰበት ነገር የሆነ እንደ ሆነማ፣ ማመን ብቻ ሳይሆን ሊምልበትም ይደፍራል። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ከዚህ ልማድ ጋር ነው። ነገሬም በአጭር ቃል ይህ ነው፤ ፊልም አይታችሁ ማልቀሳችሁ ያ ፊልም እውነት ስለ መናገሩ ምስክር ሊሆን አይችልም። ዕንባው የእናንተ ነው፤ ዕንባውን ያመጣው ብልሃት ግን የሌላ ሰው ነው። የዚያን ሰው ሥራ ሳይመረምሩ ልብን አሳልፎ መስጠት፣ ያላነበቡትን ውል እንደ መፈረም ይቈጠራል።

እናንት ወጣቶች ይህን ስትሰሙ «ይህ ሰው የሲኒማ ጠላት ነው» ብላችሁ መጽሐፉን ለመዝጋት አትቸኩሉ። እኔ ፊልም እወዳለሁ። የምቃወመው ፊልምን ሳይሆን፣ «ልቤ ተነክቷልና ነገሩ እውነት ነው» የሚለውን የስንፍና ፍርድ ነው። ምሳሌዎቹን የማመጣው ከውጭ አገርም ከእኛም ታሪክ ስለ ሆነ፣ ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ በእኛ አቈጣጠር ስጽፍ «ዓ.ም.» እላለሁ።

በአገራችን የለቅሶ ልማድ አስለቃሽ የምትባለውን ሴት የማያውቅ የለም። ሥራዋን ታውቃለች። ለቀስተኛው ደክሞት ዝም ሲል ጥቂት ትታገሣለች፤ ከዚያም የሟቹን ፈረስ፣ ጠመንጃውን፣ ያልሳመውን የልጁን ሠርግ በየተራው ታነሣለች። ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግበትን ቦታ፣ ከፍ የምታደርግበትንም ቦታ ለይታ ታውቀዋለች። በደረቅ ዐይን የመጣው ጎረቤት ሳይታወቀው ያለቅሳል። ይህ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ አልነቅፈውም። አስለቃሽዋ በመካከላችን ቆማለች፤ ስሟን እናውቃለን፤ ማን እንደ ጠራትም እናውቃለን። ሟቹም የሰፈራችን ሰው ነው። ፈሪ የነበረውን ጀግና፣ ቀማኛ የነበረውን ደግ ብላ ብታወድሰው፣ ከለቀስተኛው መካከል አንዱ የሌላውን ጎን ጎሸም ማድረጉ አይቀርም።

ዲሬክተር የሚባለው የፊልም አዘጋጅ ግን የማይታይ አስለቃሽ ነው። እርሱ በሸራው ላይ አይቆምም። ሟቹንም አናውቀውም፤ የምናውቀው እርሱ የነገረንን ያህል ብቻ ነው። በጨለማ ተቀምጠን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያየን፣ እርሱ በወደደው ጊዜ እንሥቃለን፤ እርሱ በወደደው ጊዜ እናለቅሳለን። ከዚያም ወጥተን «ልቤ ራሱ ነገረኝ» እንላለን።

የዚህን ብልሃት ሥር ለማየት፣ ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ ሩሲያዊ ከ1917ቱ አብዮት በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ያደረገውን ሙከራ ማስታወስ ይበቃል። ፊልሙ ራሱ ዛሬ የለም፤ ታሪኩን ካቈዩልን ሰዎች አንዱ የሥራ ባልደረባው ፑዶቭኪን ነው። እንደ ፑዶቭኪን አነጋገር፣ ሞዥኹኪን ከሚባል ስመ ጥር ተዋናይ ፊልም ውስጥ ደስታም ኀዘንም የማይነበብበት ፊቱን መረጡ። ያንኑ ፊት በሦስት ቦታ ቀጠሉት። በአንደኛው ከፊቱ ቀጥሎ የሾርባ ሳሕን ታየ፤ በሁለተኛው በሬሳ ሣጥን የተኛች ሴት ታየች፤ በሦስተኛው በአሻንጉሊት የምትጫወት ትንሽ ልጅ ታየች። ምሥጢሩን የማያውቁት ተመልካቾች የተዋናዩን ችሎታ አደነቁ። ሾርባውን ሲያይ በሐሳብ እንደ ተዋጠ፣ ሬሳውን ሲያይ በጥልቅ እንዳዘነ፣ ልጅቱን ሲያይ ፊቱ እንደ በራ ተናገሩ። ፊቱ ግን አንድ ነበር፤ ጠጕር ታህል አልተለወጠም።

እንግዲህ ያ ኀዘን የት ነበር? በተዋናዩ ፊት አልነበረም። በተመልካቹ ልብ ውስጥ ነበር። ዲሬክተሩ ሁለት ሥዕሎችን ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ በመካከላቸው ያለውን ድልድይ የሠራው ተመልካቹ ራሱ ነው። ከዚህ የበለጠ አሳሳቢ ነገር አላውቅም። ሌላ ሰው የነገረንን ውሸት መርምረን ልንጥለው እንችላለን። ራሳችን ለራሳችን የነገርነውን ግን ማን ይመረምረዋል? እንደ ገዛ ልጃችን አቅፈን እንይዘዋለን እንጂ።

ይህ የመቀጠል ብልሃት የሁሉ መሠረት ሲሆን፣ ዲሬክተሩ ሌሎችም መሣሪያዎች አሉት። ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ሽቅብ ቢያነሣው ተራው ሰው እንደ ንጉሥ ይገዝፋል፤ ከፍ አድርጎ ቍልቍል ቢያነሣው ጎበዙ ያንሳል። የአንዱን ፊት አቅርቦ፣ የዐይኑን ሽፋሽፍት ሳይቀር ቢያሳየን ያ ሰው ወንድማችን ይሆናል፤ ሌላውን ከሩቅ፣ ከብዙ ሰው መካከል አንዱ አድርጎ ቢያሳየን የአቧራ ያህል እንኳ አያሳዝነንም። ዜማውም አለ፤ ጸጥታውም አለ፤ ብርሃንና ጥላውም አለ። ከእነዚህ አንዱም ቃል አይናገርም። ስለዚህ አንዱንም ልንከራከረው አንችልም።

አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 ያወጣው «ሳይኮ» የተባለው ፊልም ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚህ ፊልም አንዲት ሴት በመታጠቢያ ቤት ውስጥ በቢላዋ ስትገደል ይታያል። የመውጋቱ ሥራ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ በውስጡ ግን ከ50 የሚበልጡ ቁራጮች ተቀጣጥለውበታል፤ ለመቅረጽም 7 ቀን ፈጅቷል። ደም መስሎ የሚፈሰው የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። ሥጋ ሲወጋ የምንሰማው ድምፅ፣ ሐብሐብ መሰል ፍሬ በቢላዋ ሲወጋ የወጣ ድምፅ ነው። ሂችኮክ በመጀመሪያ ይህ ክፍል ያለ ዜማ እንዲሆን ፈልጎ ነበር፤ በርናርድ ኸርማን በቫዮሊንና በመሰል ባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ የደረሰውን የሚጮኽ ዜማ ሲሰማ ግን ሐሳቡን ለወጠ። ቢላዋው ሥጋ ሲገባ በግልጽ አየሁ የሚል ተመልካች ግን ቍጥሩ ብዙ ነው።

ነገር ግን እኔን የሚያስደንቀኝ ግድያው አይደለም፤ ከግድያው በኋላ ያለው ነው። አንድ ዐይን አፋር ወጣት መጥቶ ደሙን ያጥባል፤ ሬሳውን በመኪናዋ ውስጥ ያስቀምጣል፤ መኪናዋንም ወደ ረግረግ ውሃ ይገፋታል። መኪናዋ ትሰምጣለች፤ ከዚያ ሳትጠልቅ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ካሜራው የወጣቱን የተጨነቀ ፊት አቅርቦ ያሳየናል። በዚያች ቅጽበት የተመልካቹ ሁሉ ትንፋሽ ይቆማል፤ «ኧረ ትስመጥ!» ይላል ልቡ። መኪናዋ ስትሰምጥ እፎይ ይላል። አስቡት እንግዲህ! ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ለሟቿ ያዘነ ሰው፣ አሁን የሬሳዋ መደበቅ ደስ አሰኘው። ማንም አልሰበከውም፤ ማንም ክርክር አላቀረበለትም። የአንድ ሰው ፊት ቀርቦ ታየው፤ ቈም ነገሩ ይኸው ብቻ ነው።

«ይህማ ጨዋታ ነው፤ ማን ተጐዳ?» የሚለኝ ይኖራል። በሂችኮክ ፊልም ማንም ላይጐዳ ይችላል። ይኸው ብልሃት በሌላ እጅ ሲገባ የደረሰውን ግን ልንገራችሁ።

በ1915 ዲ. ደብሊው. ግሪፊዝ የተባለ አሜሪካዊ ዲሬክተር «የአንድ ሕዝብ ልደት» የሚል ሦስት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ፊልም አወጣ። ታሪኩን የወሰደው ከቶማስ ዲክሰን ልብ ወለድ ነው። ነገሩ የሚያወራው እስከ 1865 ስለ ተካሄደው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትና ከእርሱ በኋላ ስለ ነበረው ዘመን ነው። በእውነተኛው ታሪክ በዚያ ዘመን ኩ ክለክስ ክላን የተባለው ማኅበር ፊቱን ሸፍኖ በሌሊት እየዞረ፣ ከባርነት የወጡትን ጥቁሮች ይገርፍና ይገድል ነበር። በግሪፊዝ ፊልም ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጥቁሮቹ አስፈሪ አውሬዎች፣ ገዳዮቹ አዳኝ መላእክት ሆኑ። ከዋና ዋናዎቹ ክፉ ጥቁሮች ውስጥ እንኳ አንዳንዶቹን የተጫወቱት ፊታቸውን የተቀቡ ነጮች ነበሩ።

የፊልሙን ፍጻሜ ልብ በሉ። በአንድ ወገን አንድ ቤተሰብ በትንሽ ጎጆ ውስጥ ተከቦ በሩን ደግፎ ይዟል። በሌላ ወገን ነጭ የለበሱት ፈረሰኞች ይጋልባሉ። ግሪፊዝ ወዲህና ወዲያ እያፈራረቀ ያሳያል፤ ጎጆው፣ ፈረሱ፤ በሩ ሲሰነጠቅ፣ ኮቴው ሲያስተጋባ። ቁራጮቹ እያጠሩ ይሄዳሉ። ፊልሙ ድምፅ አልነበረውም፤ በትልልቁ ቲያትር ቤት ግን ኦርኬስትራ ተቀምጦ ለፈረሰኞቹ የቫግነርን የግልቢያ ዜማ ይጫወት ነበር። በዚህ ጊዜ «ድረሱ! ፍጠኑ!» የማይል ልብ ያለው ማን ነው? ሰው በተፈጥሮው ለተከበበ ያዝናል፤ ለሚደርስለትም ደስ ይለዋል። ግሪፊዝ ይህን መልካም ጠባይ ወስዶ ለገዳዮች አገልጋይ አደረገው። ተመልካቹን ክፉ እንዲሆን አልጠየቀውም። በርኅራኄው መንገድ ወደ ክፋት መራው እንጂ። ከዚህ የከፋ ማታለል እኔ አላውቅም።

ፍሬውም ዘገየ አይባልም። ፊልሙ በዚያው ዓመት በዋይት ሐውስ ለፕሬዚዳንት ዊልሰን ታየ። በ1909 የተቋቋመው የጥቁሮች መብት ማኅበር በየከተማው ተቃወመ፤ ሕዝቡ ግን ተሰልፎ መግባቱን አልተወም። ያው 1915 ሳያልቅ ዊልያም ሲመንስ የተባለ ሰው በአትላንታ አጠገብ ባለው ስቶን ማውንቴን በሚባለው ተራራ ላይ ተከታዮቹን ሰብስቦ፣ ጠፍቶ የነበረውን ክላን እንደ ገና አቋቋመ። በዚያም መስቀል አቃጠሉ። ልብ በሉ! መስቀል ማቃጠል በመጀመሪያው ክላን ዘንድ ያልነበረ ነገር ነው፤ ከዲክሰን ልብ ወለድና ከዚሁ ፊልም የተቀዳ ነው። በሸራ ላይ የተፈጠረው ሥርዓት እውነተኛ እሳት ሆነ። ማኅበሩ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አባል ለመመልመል ይህንኑ ፊልም ያሳይ ነበር። ታዲያ «ጨዋታ ነው» የሚለኝ ሰው ለእነዚያ ጥቁር ቤተሰቦች ምን ይመልስላቸዋል?

ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ፣ ወደ እኛ ታሪክ እንምጣ። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. መስከረም ወር አገራችንን ስትወር፣ ከመድፉና ከአውሮፕላኑ ጋር የፊልም ካሜራ ይዛ መጣች። ካሜራውን የያዘው በ1924 የተቋቋመው ሉቼ የተባለው የመንግሥት ፊልም ድርጅት ነበር። ሉቼ በኢጣሊያንኛ ብርሃን ማለት ነው። ይህ «ብርሃን» ለኢጣሊያ ሕዝብ ያሳየው ሠራዊት ሲሰለፍ፣ መንገድ ሲሠራ፣ ባንዲራ ሲወጣ ነው። እነዚያ ሥዕሎች በመሠረቱ ሐሰት አልነበሩም፤ ሠራዊቱ በእውነት ተሰልፏል፤ መንገዱም ተሠርቷል። ከአውሮፕላን የዘነበው የመርዝ ጋዝ ግን በዚያ ሸራ ላይ ቦታ አልተሰጠውም። ቆዳው ተላጦ የወደቀው ገበሬ ፊቱ ቀርቦ አልታየም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 1936 ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር ስለዚሁ ጋዝ ተናገሩ፤ የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ግን ነገሩን በይፋ ያመነው በ1996፣ ከ60 ዓመት በኋላ ነው። በሮማ ተቀምጦ ያንን ፊልም እያየ ያጨበጨበው ሰው «በዐይኔ አይቻለሁ» ማለት ይችል ነበር። እውነቱን ነው፤ አይቷል። ያላየውን ግን አላየውም።

ከዚህ የምንማረው፣ ዲሬክተር የሚያታልለው በሚያሳየው ብቻ አለመሆኑን ነው። በሚቈርጠውም ያታልላል። መቀስ ድምፅ የለውም።

በዚህ ጊዜ ሁለት ወገኖች ይነሡብኛል። አንደኛው ወገን «እንግዲያው ሲኒማ ቤት ይዘጋ» ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም መታየት በጀመረበት ዘመን፣ አባቶቻችን የፊልሙን ቤት «ሰይጣን ቤት» ይሉት ነበር። ዛሬ በዚህ እንሥቃለን። እኔ ግን ግማሹን ሥቄ ግማሹን እተወዋለሁ። በሸራው ላይ ሰይጣን አልነበረም፤ በዚህ ተሳስተዋል። ሆኖም ሰው ያለ ፈቃዱ የሚያስለቅስና የሚያስቈጣ አንድ ኀይል በዚያ ቤት እንዳለ ወዲያው ተሰምቷቸዋል፤ በዚህ ግን ከእኛ ይልቅ ንቁዎች ነበሩ። መድኀኒቱ ቤቱን መዝጋት አይደለም። የተዘጋ ቤት ማንንም አያስተምርም፤ ብልሃቱን ያላወቀ ሰው በሩ በተከፈተ ቀን እንደ ሕፃን ይወሰዳል።

ሁለተኛው ወገን «ልብ አይዋሽም፤ ስሜትን መመርመር ጣዕሙን ማጥፋት ነው» ይላል። ልብ በርግጥ አይዋሽም። ግን ይዋሻል እንጂ አይባልም፤ ይዋሽለታል። የግሪፊዝ ተመልካች ልብ ለተከበበ ሰው ማዘኑ ልክ ነበር፤ የተከበበው ማን እንደ ሆነ የነገረው ግን ሐሰተኛ ነበር። ጣዕሙን ስለ ማጥፋቱ የሆነ እንደ ሆነ፣ ወጥ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ወጡን ከማያውቀው ይልቅ እንደሚያጣጥመው ማንም ያውቃል። ጨው ሲበዛበትም ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ደግሞም ዲሬክተር ሁሉ አታላይ ነው አላልሁም። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ በ1993 ያወጣውን «ሳንኮፋ» ተመልከቱ። እርሱም ፊት ያቀርባል፤ እርሱም ይቈርጣል፣ ይቀጥላል፤ ከበሮውንም ያሰማል። አንዲት የዘመናችን ጥቁር ሴት በጋና ጠረፍ ባለው የባሪያ ንግድ ምሽግ ፎቶግራፍ ስትነሣ ቈይታ፣ ወደ ባርነት ዘመን ተመልሳ መከራውን በሥጋዋ ስትቀበል ያሳየናል። ግሪፊዝ አርቆ ያስቀመጠውን ፊት ኃይሌ አቀረበው፤ ሌላው ቈርጦ የጣለውን እርሱ አንሥቶ ቀጠለው። በአሜሪካ አከፋፋዮች ፊልሙን አንቀበልም ባሉት ጊዜ፣ ሲኒማ ቤት ራሱ እየተከራየ ለሕዝብ አሳየው። ልዩነቱ በመሣሪያው አይደለም፤ መሣሪያው አንድ ነው። ልዩነቱ መሣሪያው የሚያገለግለው የሆነውን መከራ ነው ወይስ የተፈጠረውን በሚለው ላይ ነው። ይህን ደግሞ ዕንባ አይነግራችሁም። ታሪክ ማንበብ፣ መጠየቅና ማመሳከር ነው የሚነግራችሁ። ስለዚህ እውነተኛውን ፊልም ስታዩም ጥያቄውን አትተዉ፤ እውነተኛ ሥራ በጥያቄ አይፈርስም።

ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው። የማን ፊት ቀርቦ ታየኝ? የማን ፊት ተከለከለኝ? ከዚህኛው ሥዕል ቀጥሎ ያ የመጣው በእውነት ተከታትለው ስለ ሆኑ ነው ወይስ አንድ ሰው ስለ ቀጠላቸው? ዜማው ባይኖርስ ኖሮ ምን ይሰማኝ ነበር? ይህን የመጨረሻውን ለመፈተን ቀላል ነው፤ ያስለቀሳችሁን ክፍል ድምፁን ዘግታችሁ ሁለተኛ እዩት። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ፣ ይህ ዕንባ ማንን እንድጠላ ይፈልጋል? ብላችሁ ጠይቁ። ለአንዱ ያዘነ ልብ ወዲያው ሌላውን ለመምታት እጁን ካነሣ፣ በመካከል ሥራ የሠራ ሰው እንዳለ ዕወቁ።

ይህ ምክር በድሮ ዘመን ለሲኒማ ቤት ብቻ ይበቃ ነበር። ዛሬ ግን መቀሱም፣ ዜማውም፣ ፊት ማቅረቢያውም በእያንዳንዱ ሰው ስልክ ውስጥ ገብቷል። ማንም ሰው የአንድ አገርን ሬሳ በሌላ አገር ጩኸት ላይ ቀጥሎ፣ የኀዘን ዜማ ደርቦ፣ በአንድ ሌሊት ለብዙ ሺሕ ሰው ሊልክ ይችላል። ግሪፊዝ ተመልካቹን ሦስት ሰዓት አስቀምጦ ያደረገውን፣ ይህኛው በአንድ ደቂቃ ያደርገዋል። ከዚያም ተመልካቹ ራሱ መልእክተኛ ሆኖ ለጓደኛው ያስተላልፈዋል። እናንተ ባላረጋገጣችሁት ሥዕል ተቈጥታችሁ የላካችሁት ነገር፣ በሌላ ሰፈር የምታውቁትን ጎረቤት ደጅ ሊያንኳኳ ይችላል። ያን ጊዜ «እኔ ያየሁትን ነው የላክሁት» ማለት ከኅሊና ፊት አያድንም።

ካላዩበት ዐይን ግንባር ነው ይላሉ አባቶቻችን። እኔም ለእናንተ ለወጣቶች የምጨምረው ይህን ብቻ ነው፤ ማዘንን አትተዉ፤ ድንጋይ ልብ ያለው ሰው ከተታለለው የባሰ ነው። ግን ለቅሶ ቤት ስትገቡ እንደምታደርጉት አድርጉ። የሞተው ማን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደ ሞተ፣ አስለቃሽዋንም ማን እንደ ጠራት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ አልቅሱ።